ጾመኛ የተባልኩበት የቡና ወቅት

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሃል አንድ ነጋዴ ማዳበሪያ አንጥፎ፣ ጭቃቸው ያልደረቀ ፀጉራም ሥሮች ደርድሮ አየሁ። ብርድና ገብስ በሚነግሥበት በዚህ በእኛ ደጋ ጎደሬ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። አንዱን አንስቼ አፈሩን በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው ያ ሽታ መጣ፤ ዝናብ የጠጣ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል። ወዲያው ጉሮሮዬን አሳከከኝ፣ ሳልቀምሰው! ነጋዴው ተሳስቼ መስሎት "ጋሼ፣ ይሄ ድንች አይደለም" አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ አብራኝ የነበረችው ባለቤቴም "ምን ያስቅሃል?" ብላ ተቆጣች። አንድ ኪሎ አስመዘንኩ።

አንተ ደግሞ ትናንት መጥተህ "ለአገልግሎት ወደ ተመደብኩበት ስሄድ ምን ልያዝ?" ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔም ጃኬትና ቦቲ ጫማ ብዬ ሸኘሁህ። ስታስበው የሽማግሌ ምክር አይደለም፤ የሱቅ ምክር ነው። እስቲ ተቀመጥ፣ የራሴን ላውራህ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነው። ለሁለት ዓመት አገልግሎት ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ ተመደብኩ። እናቴ ሰው አገር ሄደብኝ ብላ አለቀሰች፤ ለእሷ ከጅማ ወዲያ ያለው ሁሉ ባሕር ማዶ ነበር። አልቅሳ ስትጨርስ በሶ በአንድ ከረጢት፣ ቆሎ በሌላ ከረጢት ሞልታ አስያዘችኝ። "እዚያ ምን እንደሚበሉ አይታወቅም" አለች። እኔም የጌታን ሥራ ልሠራ የምሄድ ሰው ስለ ምግብ አልጨነቅም ብዬ ኮራሁባት። ከረጢቶቹን ግን አልተውኳቸውም።

ጅማ የደረስኩት በዝናብ ነበር። ሄርማታ ገበያ ገብቼ ቦቲ ስለካ ባለሱቁ መጀመሪያ በኦሮምኛ ጠየቀኝ፤ ዓይኔን ሳቁለጨልጭበት ወደ አማርኛ ዞረ። "እንግዳ ነህ? አይዞህ፣ በዚህ አገር የሚርበው ሰነፍ ብቻ ነው" አለና ቦቲውን በጨርቅ ወልውሎ ሰጠኝ። መልካም አቀባበል ነው ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሁለት ወገን ጥላ ዛፍ ነው። በዛፎቹ ሥር ቡናው፣ በቡናው ውስጥ ለቃሚው፣ ከሁሉም ላይ ያ በቅጠል ተጣርቶ የሚወርድ አረንጓዴ ብርሃን። እንደኔ ሜዳና ሰማይ ሲያይ ላደገ ሰው ቤት ውስጥ የገባ ያህል ነው የሚሰማው።

ወሩ ጥቅምት ስለነበር ለቀማው ተጀምሯል። ከተማዋ የምትሸተው ከወንዙ ዳር ካለው የቡና ማጠቢያ የሚመጣውን፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ነው። ቀኑን ሙሉ ሴቶች ቡናው በተሰጣበት የሽቦ አልጋ ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ፍሬው በእጃቸው ሲገላበጥ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዲት ሙስሊም ባልቴት ከግቢያቸው አንድ ክፍል አከራዩኝ። አንድ ፍየል ነበረቻቸው። ይቺን ፍየል ያዝልኝ።

የመጀመሪያው እሑድ ከሰበክሁ በኋላ የምእመናኑ መሪ የነበሩት ሽማግሌ ለምሳ ቤታቸው ወሰዱኝ። ጥፋቱ የጀመረው ከስብከቴ ነው። አዲስ ሰባኪ አያልቅበትም ብለው ባለቤታቸው ጎደሬውን ዘግየት ብለው ጥደውታል። እኔ ደግሞ ፈርቼ ያዘጋጀሁትን ሁሉ በሩብ ሰዓት ጨረስኩት። ደርሰን ስንገባ እሳቸው ገና እሳቱን እፍ እያሉ ነበር። "ደረሳችሁ እንዴ?" ብለው ደነገጡ። ተጣድፈው አወጡት፣ ልጠው ቆራርጠው ቆጭቆጫ የሚሉትን የተደቆሰ ቃሪያ ጨመሩበት። አጠገቡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ የበቆሎ ዳቦ ቀረበ። ከዚያም ደረቅ የቡና ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ በትንሽ ጣባ መጣ። ቡና ይጠጣል እንጂ ይበላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"ኛዱ፣ ብላ፣ ብላ ልጄ" አሉኝ ባለቤታቸው።

ጎደሬውን ጎረስኩ። መጀመሪያ ሙልጭልጭ አለብኝ። ከዋጥኩት በኋላ ጉሮሮዬን ሺህ ጉንዳን የወረረው መሰለኝ። ሳልኩ፣ እንባዬ መጣ፣ ውሃ ጠጣሁ፤ ውሃው አባሰው። የቡናውን ፍሬ ስነክስ ገለባው ጥርሴ መሃል ገባ፣ ቅቤው ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። እሳቸው ማማሰያውን እንደያዙ ቆመው አፌን ያያሉ። እውነቱን ልንገርህ፤ ያስቸገረኝ ጉሮሮዬ ብቻ አልነበረም። ንቀትም ነበረብኝ። ሥር ቆፍሮ መብላት የቸገረው ሰው ሥራ ነው እየተባለ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ወንጌል ይዤ መጥቼ ንቀቱን ከቤት አልተውኩትም ነበር።

በሳምንቱ ደግሞ ጠሩኝ። ሳህኑ ሲመጣ፣ ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ፣ አፌ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

"ይቅርታ፣ ጾም ላይ ነኝ።"

የሽማግሌው ባለቤት ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው በራ። "እንግዲህ አገልጋይ ማለት ይሄ ነው!" አሉ። ሳህኑ ተመለሰ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። እንዴት ቀላል ነው ብዬም ተገረምኩ።

በሌላው ቤትም እንዲሁ አልኩ። በሦስተኛውም። ወር ሳይሞላ በየቤቱ "ወንጌላዊው ጾመኛ ነው" ተባለ። ለቃሚዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ጀመር። የታመመ ልጅ ይዘው የሚመጡ በዙ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ስንቅ እየቀለለ ሲሄድ ውሸቱ ግን እየከበደ ሄደ። በሶው በኅዳር አለቀ። ሻይ ቤት ገብቼ ዳቦ በሻይ እንዳልበላ ጾመኛ ሻይ ቤት ምን ይሠራል? ስለዚህ ወደ አጋሮ እየወጣሁ ሙዝ በማዳበሪያ መግዛት ጀመርኩ። አልጋዬ ሥር ደብቄ፣ በሬን ዘግቼ፣ ልጣጩን ከሽንት ቤቱ ጀርባ እጥላለሁ። ማንም አላወቀም።

ፍየሏ ግን አወቀች። ልጣጩን ስለለመደችው ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ቆማ ትጮኻለች። አንድ ቀን አከራዬ ሊያባርሯት መጥተው በተከፈተው በር ወደ አልጋዬ ሥር ተመለከቱ። የፍየሏን ገመድ ይዘው ሲሄዱ ዘወር ብለው፣

"ወላሂ፣ እንደዚህ ሙዝ የሚልጥ ጾመኛ አላየሁም" አሉኝ።

"እማማ፣ እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ" አልኳቸው።

"ነገሩ የእኔ አይደለም፣ ያንተና የጌታህ ነው። ስጋ ሳበስል አልጠራህም፣ የእኔና የአንተ ቢላ አንድ አይደለምና። ገንፎ ግን ሃይማኖት የለውም። ሲርብህ ና።"

አልሄድኩም። አፈርኩ። ደግሞም ጾመኛ ከጎረቤት ቤት ገንፎ ሲበላ ቢታይስ ብዬ ፈራሁ። እያደር ሱሪዬ በቀበቶ አልያዝ አለ። ሰው ሲያየኝ "ጾሙ ነው" ይላል። እውነት ለመናገር፣ ክብሩን ወድጄው ነበር። ክብር ሲርብህም ያጠግባል።

የሽማግሌው ልጅ በዚያ ዓመት ጋምቤላ ለሥራ ወርዶ፣ ከሦስት ወር በላይ ድምፁ አልተሰማም። ስልኩ ተዘግቷል። ሚስቱ፣ የአራት ወር ሕፃን አዝላ፣ ከአማቶቿ ጋር ትኖር ነበር። ቀን ቀን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ቡና ትለቅማለች። ዝምተኛ ነበረች። ቸርች ስትመጣ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። እኔ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየኋትም፤ እሷ ግን እኔን ታየኝ ነበር።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ሽማግሌው ራሳቸው እየተጣደፉ መጡ። "ምራቴ የቡናው አልጋ ሥር ወደቀች፣ ቶሎ ድረስልን" አሉኝ። እየሮጥን ነገሩኝ። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ነበር። ነርሷ መርምራ በሽታ አላገኘችባትም። "ይቺ ልጅ ምግብ አልበላችም፤ ወተቷም እየደረቀ ነው። ዛሬውኑ ካልበላች ሕፃኑን እናጣዋለን" ብላ መልሳታለች። ለካ ልጅቷ ባሏ እንዲገኝላት ብላ ጾም ይዛለች። አንድ ቀን አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ምንም አትቀምስም፤ በቀሩትም ቀን ብትቀምስ ጥቂት ነው። ምግብ እያቀረበች፣ እያጎረሰች፣ ሳህን እያጠበች ስለምታመሽ ማንም ልብ አላላትም።

"አሁንስ?" አልኳቸው።

"አሁንማ ወንጌላዊው ሳይፈታ አልፈታም አለች። ልጄ፣ አንተን ብቻ ነው የምትሰማው። ጾምሽን ፍቺ በላት።"

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ልጅቷ መደቡ ላይ ጋደም ብላለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ሕፃኑ አያቱ እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ድምፅ የሌለው፣ አፉን ከፍቶ የሚዘጋ ዓይነት ነበር። አከራዬም ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ በሰፈሩ የታመመ ሲኖር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ነው የሚጠየቀው።

መጀመሪያ ክብሬን ይዤ ለማምለጥ ሞከርኩ። እንደዚያ ነው ያደረግሁት፣ አልደብቅህም። አጠገቧ ተንበርክኬ፣ "እህቴ፣ የእኔ ጾም ዛሬ አብቅቷል፤ አንቺም ብይ" አልኳት፣ በዚያ በስብከት ድምፄ።

ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። "ያንተ ተሰምቶልህ ይሆናል" አለች በቀስታ። "የእኔ ባል ገና አልደወለም። አንተ ለማታውቀው ሰው ወራት ከጾምክ እኔ ለልጄ አባት ይሄ ይበዛብኛል? እችላለሁ። አንተ ችለሃል እኮ።"

አማቷ ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት። ቀና ስል ከአከራዬ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አልገሰጹኝም፣ ዓይናቸውንም አልሰበሩልኝም።

"አልቻልኩም" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። "እህቴ፣ አንድም ቀን አልጾምኩም። ምግባችሁን መብላት አቅቶኝ ነው ጾም ላይ ነኝ ያልኩት። ሙዝ እየበላሁ ነው የኖርኩት፣ በሬን ዘግቼ። አንቺ የጾምሽውን ያህል እኔ በዕድሜዬ ጾሜ አላውቅም።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ሐቅ ነው" አሉ አከራዬ ከበሩ። "ፍየሌ ምስክር ናት።"

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት። ያ ደካማ ሳቅ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ "እኔ እኮ እሱን እያየሁ ነው የበረታሁት" አለች። ይሄን ስትል የተሰማኝን ልነግርህ አልችልም። አማቷ ሕፃኑን ለባላቸው ሰጥተው፣ ወደ ጓዳ ገብተው፣ አንድ ብርጭቆ አጥሚትና አንድ ሳህን ጎደሬ ይዘው መጡ። አጥሚቱን ለምራታቸው፣ ሳህኑን ለእኔ።

"አንተ ቅደም" አለችኝ ልጅቷ።

በላሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እንባዬ ሳህኑ ላይ እየወረደ በላሁ። ሁለተኛውን ስጎርስ እሷ ብርጭቆውን አነሳች። በማግስቱ ሄጄ ደጅ ስደርስ የሕፃኑን ለቅሶ ከውጭ ሰማሁት፤ ድምፅ ነበረው። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ውስጥ ሳልገባ ተመለስኩ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ለላኩኝ ሰዎች ጥፋቴን በደብዳቤ ጽፌ፣ ወደ ቤቴ እንዲመልሱኝ ጠይቄ፣ ለሽማግሌው ወስጄ ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ አጠፉት።

"እኔን ዋሸኸኝ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። "የናቅኸው ግን የባለቤቴን እጅ ነው። ይላክ ካለች እልካለሁ። ጓዳ ናት፣ ሂድ ጠይቃት።"

ባለቤታቸው ጎደሬ ይልጣሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። ደብዳቤው ይላክ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"የመጀመሪያው ቀን አልበሰለም ነበር" አሉ። "ቶሎ መጣችሁብኝ፤ ቸኮልኩ። ያልበሰለ ጎደሬ እንደሚያሳክክ የማያውቅ የለም። እንባህን ሳይ እንግዳ አሳከክሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ከንጋት ጀምሬ ጣድኩት፣ ውሃውን ሁለት ጊዜ ደፋሁለት። ያ ነው አልበላም ያልከው። ለምን አልነገርከኝም? አሳከከኝ ብትል ምን እሆን ነበር?"

እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ለሆዴ ነበር፤ እሳቸው ያጡት ለእኔ ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በቢላዋ እጀታ ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። "ተነስ፣ ልጣጩን ትረግጠዋለህ" አሉ። "ወደ ላኩህ ብትመለስ ምን ትማራለህ? ነገ ለምሳ ና። ከነገ ወዲያም ና።"

ደብዳቤው አልተላከም። ለቀማው እስኪያልቅ በየቀኑ ሄድኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስልጥ እጄን ያሳክከኝ ነበር፤ ቅቤ ቀቡኝ። እሳቱን ማጣደፍ እንደማይገባ፣ ሹካ ሲገባ በስሏል እንደማይባል፣ ውሃው መደፋት እንዳለበት አሳዩኝ። ቡናውን ስበላ ገለባውን ወዴት እንደምተፋ እንኳ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቅርበውልኝ ቆመው ያዩኝ ነበር። ጥምቀት ሲደርስ ግን በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና ከእኔ ሳህን ላይ ቆርሰው በሉ። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ደወለ። መኪና ተገልብጦበት እግሩ ተሰብሮ፣ ስልኩ ጠፍቶ ኖሯል። ጾሙ ነው ያሉ ነበሩ፤ እኔ አስተያየት አልሰጠሁም።

ሁለት ዓመት ተብዬ አምስት ዓመት ቆየሁ። ካንተ በፊት ብዙዎችን ሸኝቻለሁ፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጅማ ለስብሰባ ሄጄ፣ አንድ ቀን ሰርቄ ወደዚያች ከተማ ተሻገርኩ። ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል። ያ ሕፃን ጢም አውጥቶ፣ ሚኒባስ እየነዳ፣ ከአጋሮ ያደረሰኝ እሱ ራሱ ነው። አያቱ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አንሰዋል፣ ጥርሳቸው አልቋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ስሜን ነገርኳቸው። ፊቴን በእጃቸው ዳበሱ፣ ፈገግ አሉ። አላወቁኝም። ምራታቸው በዓይኗ ምልክት ሰጠችኝ፤ ልጆቻቸውንም ካወቁ ሰንብተዋል።

"እንግዳ ነው፣ ምግብ አቅርቡለት" አሉ ግን ወዲያው።

የበቆሎ ገንፎ መጣ። ከፊታቸው ተቀምጬ በላሁ። እሳቸው አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው፣ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ይከተሉ ነበር። ሳህኑ ሲጎድል ወደ ምራታቸው ዘወር አሉ።

"ይሄ ልጅ ሲበላ ያምራል" አሉ። "አሳዳጊ አለው። የማን ልጅ ነው?"

ምራታቸው እኔን አየችኝ።

"የእርስዎ ነው፣ እናቴ" አለቻቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ሳህኑ ጠቆሙ።

"እንዲያማ ከሆነ ጨምሩለት እንጂ።"